አሥራ አንዱ ሥዕሎች

«እሷማ ለፖስተር አትሆንም» የሚለው ነገር ጆሮዋ ውስጥ ጥልቅ ሲል ልብስ ሰፊዋ መሰላል ላይ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ለሚደረገው የሥዕልና የሙዚቃ ዝግጅት በነፃ የሰፋችውን ቀይ መጋረጃ መድረኩ ላይ በተወጠረው ሽቦ ቀለበት በቀለበት ታንጠለጥላለች፤ አፏ እስፒል ሞልቶታል። ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር የሚደረድሩት ሁለት የኮሚቴ ሴቶች እዚያ መኖሯን ረስተዋታል። አንደኛዋ፣ ባለ ዳቦ ቤቷ፣ ያቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅስ፣ እሷንም እኮ ዓይኗን ያማታል ይባላል፣ ብላ ጠየቀች። ሁለተኛዋ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ወንበሩን እያንኳኳች መለሰችላት። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ማንን ታሳዝናለች? ሰው ኪሱን የሚፈታው ለሕፃን ነው። ያቺ ደግሞ ፊቷ አይፈታ፣ ሰላም ስትያት እንኳ የሰረቅሽባት ነው የምታስመስለው። ባለ ዳቦ ቤቷም እሱስ እውነትሽን ነው አለችና ወደ ወንበሩ ቁጥር ተመለሱ።

እስፒሉ አፏን ባይሞላው ኖሮ ልብስ ሰፊዋ ምን ትላቸው እንደነበር እግዜር ይወቀው። ልጇ የምትኮሳተረው እኮ ስለማታይ ነው! ሰው ከሩቅ ሲመጣ ማን እንደሆነ ለመለየት ዓይኗን ታጠባለች፣ ግንባሯን ትቋጥራለች፣ ያም ሰው ተቆጣችኝ ብሎ ያልፋል። ይኼን ለማን ያስረዱታል? ማስረዳትም አይቻልም፤ ልጅቷ ራሷ ትንፍሽ እንዳትዪ ብላታለች። መጋረጃውን ሰቅላ ጨረሰችና ወረደች፤ ሁለቱ ሴቶች ሲያዩዋት ደንግጠው እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ያለ መጋረጃ ነው አሏት። አሜን ብላ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

መንገዱ ሁሉ ሚጡ ናት። ሚጡ የእህቷ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። በየምሰሶው፣ በየሱቁ በር፣ በፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ ሳይቀር የሚጡ ፎቶ ተለጥፏል፤ እነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ መንገደኛውን ያያሉ፣ ከበታቹ «ብርሃን ለሚጡ» የሚል ተጽፏል። ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ልጅ አትጠላም፣ እንዴት ትጠላለች፣ ከተወለደች ጀምሮ የለበሰችውን ሁሉ የሰፋችላት እሷ ናት። ግን እውነቱ እውነት ነው፤ በእያንዳንዱ ምሰሶ አጠገብ ባለፈች ቁጥር እርር ድብን ትል ነበር። የሁለቱ ልጆች ሕመም አንድ ነው። ከአያታቸው ወርዶ እህትማማቾቹን ዘሎ ልጆቻቸው ላይ አረፈ፤ የዓይናቸው የፊቱ መስታወት በየዓመቱ እየሳሳ፣ እየሾጠጠ ይሄዳል። ሐኪሙ ለሁለቱም ያለው አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ ከተሠራ ባለበት ይቆማል፣ ከዘገየ ግን እንደ አያታቸው በአርባ ዓመታቸው ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዳሉ። የባሰባት ትልቋ ናት። የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ የልብስ ሰፊዋን የሦስት ዓመት የዩኒፎርም ስፌት ያህላል፣ ያውም ሳይበላ ሳይጠጣ። ታዲያ አንዷ ከተማው ሁሉ ሊዘፍንላት ነው፤ ሌላዋ ለፖስተር አትሆንም።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከኋላው አልጋው፣ በመሐል ጠረጴዛ። ስትደርስ እህቷና ሚጡ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋት። ታናሽ እህቷ ዛሬ ተውባለች፤ ያ ጥቁር ጫማዋ ብቻውን የልብስ ሰፊዋን የወር ኪራይ ያወጣል። የመጣችው የሚጡ ነጭ ቀሚስ ረዘመ ብላ ነው፤ መድረክ ላይ ስትዘፍን እንዳይጠልፋት ሁለት ጣት ያህል ይታጠፍልኝ ትላለች። «እታለም፣ መቼም ካንቺ ሌላ ማን አለኝ» አለች። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ጠርዙን በእስፒል መያዝ ጀመረች። ስለ ክር መወደድ ትንሽ ተወራ። ስለ ድምፅ ማጉያው፣ አንድ የሠርግ ዕቃ አከራይ በነፃ ስለማዋሱ ተወራ። የጡረተኛው የሙዚቃ አስተማሪ ከነማንዶሊኑ እንደሚመጣ፣ ተማሪዎቹ አራት ዘፈን እንዳጠኑ ተወራ። ከዚያ ወሬው አለቀ። ስለ ትልቋ ልጅ ዓይን አንዳቸውም አላነሱም፤ ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ሳያነሱት ነው የከረሙት። እህቷ መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረግ ጠረግ አደረገች። ለቅሶ ያምርባታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ትልቋ ስታለቅስ አፍንጫዋ ቀልቶ አፏ ይበላሻል፣ ሰውም ምን ሆና ነው ይላል፤ ታናሿ ስታለቅስ ግን ሰው ሁሉ ወንበር ያመጣላታል።

ዝምታው የከበዳት ሚጡ ናት። ሥዕሎቼ እኮ ሠላሳ ናቸው አክስቴ፣ አለች፤ እጄ ሲደክመኝ ሰረዝ ሳለችልኝ እንጂ አይደርሱም ነበር። ሰረዝ የሚሏት የልብስ ሰፊዋን ልጅ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሊታተም የመጣውን ጽሑፍ እያነበበች ስህተት የምታርም እሷ ናትና የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ሰፈሩንም ቤተሰቡንም አዳርሶታል። ልብስ ሰፊዋ እስፒሉን እንደያዘች ቀና አለች። ስንቱን ሳለችልሽ ብላ ጠየቀች። አሥራ አንዱን፣ አለች ሚጡ። እናትየዋ ልጇን በክርኗ ነካ አደረገቻት፣ ግን ውኃው ፈሷል። «እኔ አልጠየቅኳትም እታለም፣ ራሷ ናት እረዳታለሁ ያለችው» አለች። ሥዕሎቹ ጥግ ላይ የሚጡን ስም የጻፈችው ግን ማን እንደሆነች አልተናገረችም። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን አጥፋ ሰፍታ፣ ተኩሳ ሰጠቻቸው። እንዴት አድርጋ እንደሰፋችው ራሷም አታውቀውም፤ እጇ ለብቻው ነበር የሚሠራው።

ልጇ ከሥራ የገባችው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እናቷ ያዘቻት። እውነት ነው ወይ? እውነት ነው አለች ልጅቷ፣ ማታ ማታ አክስቷ ቤት እየሄደች ከሚጡ ጋር እያወራች፣ ገሚሱንም እዚሁ አልጋው ላይ ሆና ሳለቻቸው፤ ደስ ብሏት ነው። እናቷ ጮኸች። በዚያች በቀረችሽ ዓይን ለሌላ ሰው መድኃኒት ትለቅሚያለሽ ወይ፣ ፖስተሩ ላይስ የአንቺ ፎቶ ቢወጣ ምን ነበረበት፣ ጠላት ነው እንዴ ከፖስተሩ ያስወጣሽ! ያኔ ነው ሰረዝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳቅ ያላት። ያስወጣት ማንም አልነበረም። አክስቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለታችሁም ብትሆኑስ ብላ ጠይቃት ነበር፤ እምቢ ያለችው ራሷ ናት።

«ፖስተሩ የሚታተመው የት ይመስልሻል? እኛ ጋ እኮ ነው። ‹ዓይኗ እየጠፋ ያለች› ብሎ ከፎቶዬ ሥር ሲጻፍ አርሚው ተብሎ የሚሰጠው ለእኔው ነው፣ እማ!»

እናቷ አልሳቀችም። ሰረዝ ማተሚያ ቤት ያለችው በዘዴ ነው። ሦስት ዓመት ሆናት ፊደል ከፊደል ጥርት ብሎ ካልታያት፤ ስለዚህ ደንበኛ ጽሑፉን ይዞ ሲመጣ፣ ኃላፊነቱ እንዲታወቅ ራስዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡና ይፈርሙ ትለዋለች። እሷ ጆሮዋን ጥላ ስህተቱን በድምፁ ትለቅማለች። በድምፁ ያልገባትን ደግሞ፣ ሰው ዘወር ሲል፣ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ታነበዋለች። ባለቤቱ፣ ጋሼ የምትለው ሽማግሌ፣ ይኼን ትጋት ነው ብሎት የቤቱ ደንብ አድርጎታል። የቤት ኪራዩም፣ የመብራቱም፣ የሚበላውም ግማሽ የሚመጣው ከዚያ ደመወዝ ነው፤ ለዓይኗም ቀስ እያለች የምታጠራቅመው ከዚያው ነው። ፊደል የማያይ አራሚ ደግሞ ማንም አይቀጥርም። ጋሼ ዛሬ ይመጣል፣ ፖስተሩን በነፃ ያተመው እሱ ነው፤ እናቷ አንድ ቃል እንዳትናገር አስማለቻት። ልብስ ሰፊዋም ማለች። ስትምልም ከልቧ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ግጥም አለ። ወንበር ያጣው በየመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ሥዕሎቹ ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል፤ ወንዝ፣ ጀልባ፣ ጣሪያ ላይ የተኛች ድመት፣ ዝናብ የሚመታው መስኮት። ተማሪዎቹ ዘፈኑ፣ የሙዚቃ አስተማሪው ማንዶሊኑን ሲነካው ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ሚጡ በነጭ ቀሚሷ ወጥታ ስትዘፍን ደግሞ ከንፈር ያልመጠጠ የለም። ልብስ ሰፊዋ ጎን ላይ ባለው ወንበር፣ ከልጇ አጠገብ ሆና ይኼን ሁሉ ታያለች። የቀሚሱ ልክ ጥሩ ሆኗል፤ እሱንም አየች። መድረክ መሪው፣ አፈ ጮሌ የሬዲዮ ሰው፣ ከዘፈን በኋላ አንድ፣ ከዘፈን በኋላ አንድ እያለ ሥዕል ያጫርታል። ድመቷ ልብስ ሰፊዋ በሁለት ወር የማታገኘውን አወጣች። ሰው አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ በቅናት እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ያቺ ድመት የማን ናት? የሚጡ ናት ወይስ የልጄ? ጎን ለጎን ተቀምጣ ልጇን መጠየቅ ትችል ነበር፤ አልጠየቀችም።

ከዚያ እህቷ ማይኩን ያዘች። አማረባት፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ ልክ በሰዓቱ መጣ። ልጄ እነዚህን ሥዕሎች አንድ በአንድ፣ በቀረቻት ብርሃን ነው የሳለቻቸው አለች። ከዚያ ምስጋና ጀመረች። አስተማሪውን አመሰገነች። የማተሚያ ቤቱን ባለቤት አመሰገነች፤ ሽማግሌው ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ድምፅ ማጉያ ያዋሰውን፣ ወንበር ያመጣውን፣ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ሳይቀር በየተራ አመሰገነች። ልትጨርስ ስትል ከወረቀቷ ላይ «መጋረጃውን የሰፉልንን ልብስ ሰፊያችንንም» ብላ አነበበች። ወረቀቱን የጻፈላት ኮሚቴው ነው፣ እሷም እንደተጻፈ ነው ያነበበችው፤ አንብባም ወደ ሌላው አለፈች። እህቴን አላለችም።

ልብስ ሰፊዋ እንዴት እንደተነሣች አታውቀውም። ልጇ ቀሚሷን ያዝ አድርጋት ነበር፣ ጨርቁ ከእጇ አመለጠ። ሦስቱን ደረጃ ወጥታ ማይኩን ከእህቷ እጅ ተቀበለች፤ እህቷም ልታመሰግን የመጣች መስሏት ፈገግ ብላ ሰጠቻት።

«ልብስ ሰፊያችን ያለቻችሁ እኔ ነኝ፣ ታላቅ እህቷ ነኝ» አለች። «ሥዕሎቹ ሠላሳ ናቸው። አሥራ አንዱን የሳለችው ግን የእኔ ልጅ ናት። እሷም…»

እዚህ ላይ ሽማግሌውን አየችው። በሦስተኛው ረድፍ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ በደንብ ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። መሐላው ትዝ አላትና ቃሏን ዋጠች። ግን ከተወጣ መቼ ይወረዳል። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። እህቷ ገረጣች። መድረክ መሪው ነገሩን በሳቅ ሊያበርደው ፈልጎ፣ እንዲያውማ ጥሩ ነው፣ ሁለት ሠዓሊ አገኘን ማለት ነው፣ አለና እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ቢያሳዩን እናቴ?

ልብስ ሰፊዋ ዘወር ብላ ሥዕሎቹን አየች። ልጇ ስትሥል አይታት አታውቅም። ከስፌት መኪናው ቀና ባለች ቁጥር ልጅቷ ከኋላዋ አልጋው ላይ ወረቀት ይዛ እንደምትቀመጥ ታውቃለች፤ ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችም። ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ጎንበስ ብላ የተቀመጠች፣ ከጀርባዋ የተሳለች አንዲት ሴት ላይ ትንሽ ቆየና አለፈ። ወንዙ ላይ ያለችው ቢጫ ጀልባ ግን እንዴት ታምራለች! ሁሉም ሰው ሲገባ እሷ ጋ ነበር የሚቆመው። በጣቷ አሳየች።

«እሱ የእኔ ነው አክስቴ» አለች ሚጡ ከመድረኩ ጥግ።

ሰው ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ቸኩላ ወደ ዝናቡ መስኮት ጠቆመች። ሚጡ የምትዋሽ ልጅ አይደለችም፤ እሱም የእኔ ነው አለች፣ አሁን ግን ቀስ ብላ፣ አዝናላት። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ከመሐል አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ የነርሷ ይመስላል፣ «ቅናት ነው እባካችሁ፣ ውሸቷን ነው» አለች። ልብስ ሰፊዋ ማይኩን እንደያዘች ቀረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

ያኔ ሰረዝ ተነሣች። እናቷ በእጇ ተይ ተይ አለቻት፤ ልጅቷ ግን ያንን ምልክት ከዚያ ርቀት የምታይበት ዓይን የላትም። ወደ ግድግዳው ሄደች፣ የወንበር እግር መታት፣ ይቅርታ ብላ አለፈች። የመጀመሪያው ሥዕል ጋ ስትደርስ ፊቷን አስጠጋች፤ አስጠጋች፤ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ አስጠጋች። የሚስቁት ለአንድ አፍታ ሳቃቸው ጨመረ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። ወደ ሁለተኛው አለፈች፣ እንደዚያው አደረገች፣ ይሄ የእኔ ነው ብላ ከመቆንጠጫው ፈታችው። ሦስተኛውን አስጠግታ አየች፣ ተወችው። አራተኛው ላይ ስትደርስ አዳራሹ ጭጭ ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ገብቶታል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግድግዳውን ሁሉ ዞረች፣ የሚጡን የሚጡ፣ የራሷን የራሷ ብላ ለየች፤ ከጀርባዋ የተሳለችውን ሴትም አወረደች። አሥራ አንደኛውን ስትጨምርበት ዞር ብላ፣ ወዴት እንደሆነ ባታይም ወደ መድረኩ አቅጣጫ፣ «እናቴ አልዋሸችም» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ልብስ ሰፊዋ ሁለት ወር ሙሉ የተመኘችው ነው። ሰው ከንፈሩን መጠጠ፣ ባለ ዳቦ ቤቷ አለቀሰች፣ መድረክ መሪው አፈ ጮሌነቱ ረድቶት ዝግጅቱ ለሁለቱም ልጆች ነው ብሎ ዐወጀ። ታናሽ እህቷም መጥታ አቀፈቻት፤ በጆሮዋ «እንዲህ እንደምትፈልጊ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት» አለቻት፣ በማይኩም ይሁን ይሁን አለች። ሥዕሎቹ ከጠዋቱ ግምት በእጥፍ ተሸጡ። አስተማሪው ማንዶሊኑን አነሣ። ልጇን ሁሉም አያት፣ ሁሉም አዘነላት። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗ ከሦስተኛው ረድፍ አልነቀል አለ።

ሽማግሌው ሕዝቡ ሲበተን በሩ አጠገብ አገኛቸው። አንድ ሥዕል ገዝቶ በብብቱ ይዟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ስንት ጊዜ ሆነሽ ብሎ ጠየቃት። ሦስት ዓመት ጋሼ፣ አለችው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ስህተት ሳታሳልፊ፣ እያለ ከልቡ ተደነቀ። ከዚያ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

«ሰኞ እንዳትመጪ፣ ልጄ። ዓይንሽን አሳርፊ። የወሩን ደመወዝ እልክልሻለሁ። በአንቺ ቦታ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ አታስቢ» አላት፤ አጠገቡ የቆሙትም እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ተባባሉ። ሰረዝ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ አለችው።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፣ በእግራቸው ሄዱ። ልጅቷ እንደ ወትሮው የእናቷን ክንድ ያዘች። አንድ ነገር ብትናገራት፣ ብትሰድባት፣ ብትጮህባት፣ ልብስ ሰፊዋ ደስ ባላት። ፀጉር ቤቱ ጋ ሲደርሱ ይቅር በዪኝ አለቻት። ልጅቷ ስለ ሥራው አላነሣችም። ትንሽ ሄዱና፣ ጋሼ የገዛው የትኛውን እንደሆነ አይተሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከጀርባዋ የተሳለችውን ሴት ነው አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ነሽ እኮ። መኪናው ላይ ሆነሽ» አለች ሰረዝ። «አልጋው ላይ ሆኜ ስለምሥልሽ ጀርባሽ ብቻ ነው የሚታየኝ። ለዚህ ይሆናል ያላወቅሽው።»

አዎ ለዚህ ነው አለቻት እናቷ። ግን አውቃት ነበር። ያንን ግራጫ ቀሚስ በገዛ እጇ ቆርጣ የሰፋችው፣ ክንዱ ሥር የጣፈችው እሷ ናት፤ ገና መድረኩ ላይ ሆና ዓይኗ እንዳረፈበት ነው የለየችው። አውቃ ነው ያለፈችው፤ ለልጇ ሰው ሁሉ የሚያደንቃትን ቢጫዋን ጀልባ ፈልጋላት።